ሁመራ ቀረች

በ1981 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ዳር ከነበረች አንዲት አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ የእሑድ ከሰዓቱን የዘፈን ዝግጅት የሚያሰናዳው ምናለ የሚባል ሰው ነበር። ቀድሞ የአማርኛ መምህር ነበረ። ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ አላገባም። ከተማው በመልክ ባያውቀውም ገበያ ሲወጣ አፉን ከፍቶ ዋጋ በጠየቀ ቁጥር ሰው ዞር ብሎ ያየዋል።

ዝግጅቱ «የእሑድ ዜማ» ይባላል። ግማሹ የአድማጮች ምርጫ ነው፤ ከየወረዳው የሚመጣ ደብዳቤ ይነበባል፣ የተመረጠው ዘፈን ይለቀቃል። ግማሹ ደግሞ የምናለ የራሱ ነበር። አንድ አሮጌ ሸክላ ያነሣና ማን እንደዘፈነው፣ ከነማን ጋር እንደተቀረጸ፣ ዘፋኙ በኋላ ምን እንደደረሰበት ይተርካል። በዚያን ጊዜ ሸክላ መታተም ካቆመ ቆይቷል። ካሴት ቦታውን ወስዷል፣ ሰዓት እላፊው የምሽት ቤቶቹን ቀድሞ ዘግቷል፣ የየቀበሌው የኪነት ቡድንም በተመሳሳይ ልብስ ተመሳሳይ መዝሙር ይዘምራል። ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሸክላ አስቀርጸው የጠፉ ዘፋኞች ብዙ ናቸው። ስለነሱ የተጻፈ ነገር የለም። ምናለ ታሪካቸውን የሚሰበስበው ከሰው አፍ ነው፤ ሰብስቦ ጽፎ ለፕሮግራም ኃላፊው ለጓድ ደመቀ ያቀርባል። ደመቀ ያልፈረመበት ጽሑፍ በአየር ላይ አይውልም።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ምናለ ከጣቢያው የሸክላ ክምር ውስጥ የባንቺአየሁን አገኘ። ባንቺአየሁ አንድ ሸክላ ብቻ ያስቀረጸች የወገራ ዘፋኝ ናት። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ከመሰንቆው በታች ይሄድና ድንገት ከላዩ ይወጣል። ምናለ ደጋግሞ አዳመጣትና የሚያውቃት ሰው ፍለጋ አዘዞ ወረደ። እዚያ አያ ውዱ የሚባሉ ሽማግሌ መሰንቆ መቺ አሉ። ከጠላ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የመሰንቆአቸውን ጭራ ሲያጠብቁ አገኛቸው።

«ባንቺአየሁን ያውቋታል አያ ውዱ?»

«ያችን ሸጋ? እንዴት አላውቃት!» አሉ። «እዚህ አዘዞ አብረን ነበርን። ወታደሩ እሷ ካልዘፈነች አይቀመጥም ነበር። በኋላ አንድ የሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬ መጣና አዲስ አበባ ወስዶ አስቀረጻት። ስትመለስ ቢጫ ጫማ አድርጋ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ሠራተኛው ወደ ቆላ ሲጎርፍ ዘፋኙም ይከተል የለ? አብረን ወረድን። እኔ ወባው ሲያንገላታኝ ተመለስሁ።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ሁመራ ቀረች።»

ምናለ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ሁመራ በወባና በካላዛር ስንቱን እንዳስቀረች ያውቃል፤ የሽማግሌውን ሐዘን መቆስቆስም ነውር መሰለው። ቢሮው ተመልሶ «ባንቺአየሁ ለሥራ በወረደችበት በሁመራ ሕይወቷ አለፈ» ብሎ ጻፈ። ደመቀ አነበበውና «ያሳዝናል» ብሎ ፈረመ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተነበበ፣ ሸክላውም ተሰማ።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ካፊያ ባለበት ቀን፣ የበር ጠባቂው አንዲት ሴት እንደምትፈልገው ለምናለ ነገረው። ወጣ ሲል ረጅም፣ ጠይም፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው።

«ምናለ አንተ ነህ?»

«አዎ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

«ገደልኸኝ እኮ፣ ልጄ» አለችው።

አልገባውም። ለምርጫ የላከችው ደብዳቤ ያልተነበበላት አድማጭ መሰለችው።

«ባንቺአየሁ ነኝ» አለች።

ምናለ ድምፅዋን አወቀው፤ ከሸክላው ይልቅ ሻክሯል እንጂ ያው ነው። ይዟት ገብቶ ወንበር ሰጣትና የሆነውን ነገረችው።

ሁመራ የቀረችው አግብታ ነው። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የደባርቅ ገበሬ ነበር። በኋላ ወደ አገሩ ይዟት ተመለሰ፣ ዘፈኑን ተወች፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ባሏ ሞቷል። ልጅቷ እቴነሽ ትባላለች፤ ዛሪማ አግብታ እዚያው ትኖራለች። ዘንድሮ ጦርነቱ ሲገፋ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ወዲያ ያለው አገር ከመንግሥት እጅ ወጣ፣ መንገዱም ተዘጋ። እናትና ልጅ ተቆራረጡ። እቴነሽ ያኔ እርጉዝ ነበረች።

«አንተ ሞተች ባልህ ዕለት ጎረቤቶቼ እያለቀሱ መጡ። ገብስ ሳበጥር አገኙኝ። እኛማ ስቀን ለቀቅነው። ልጄ ግን እዚያ ማዶ ሰማች። ሰምታ ለሐዘን ተቀመጠች።»

«መልእክት አልላኩም?»

«ላክሁ እንጂ! በቀጭን መንገድ የሚሻገር አንድ የጨው ነጋዴ አለ። እናትሽ ደህና ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ በላት አልሁት። ነገራት። አታምነውም! ፀጉሯን ተላጭታ፣ አራስ ልጇን ታቅፋ፣ ‹መርዶውን ሊደብቁኝ ነው› ትለዋለች። እንግዲህ ምን ታድርግ? በእኛ አገር የሞተን ሰው ደህና ነው ማለት ያለ ነው። ወተቷም ሊደርቅባት ነው አለኝ ሰውዬው።»

ምናለ ይቅርታ ለመጠየቅ ቢጀምርም አላስጨረሰችውም።

«ይቅርታውን ተወው። በተናገርህበት አፍ አስተባብልልኝ።»

ምናለ ወደ ደመቀ ቢሮ ሄደ። ደመቀ በመስኮት አይቷት ነበር፤ ማንነቷን ሲሰማ ግን የደነቀው አልመሰለም።

«እርማት እናንብብ» አለ ምናለ።

«ጽሑፉ ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው?»

«የእርስዎ።»

«ምን አጣርተህ ፈረምህ ብለው ይጠይቁኛል። እሺ፣ እሱን ልቻለው። ልጅቷ የት ናት አልህ?»

«ዛሪማ።»

«ዛሪማ ዛሬ በማን እጅ ናት?»

ደመቀ መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ወንበዴ በያዘው አገር ላለች ሴት በመንግሥት ሬዲዮ መልእክት እናስተላልፍ ነው የምትለኝ። እኔን ብቻ አይደለም፣ አንተንም ያስጠይቅሃል። ሴትዮዋን ሸኛት።»

ምናለ ግን አልሸኛትም። ወደ አዘዞ የሚወርድ ማኪና ላይ አብሯት ተሳፈረ። አያ ውዱ ሲያዩአት ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ባንቺ!»

«ገደላችሁኝ» አለቻቸው። «አንተ ነገርኸው፣ እሱ ለአገር አወራው።»

«እኔ መቼ ገደልሁሽ?» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ምናለ ዞሩ። «ሁመራ ቀረች አልሁ እንጂ ሞተች አልሁህ ወይ?»

«ራስዎን ነቀነቁ እኮ፣ አያ ውዱ።»

«የነቀነቅሁት ትታኝ አግብታ ስለቀረች ነው!»

ባንቺአየሁ ሳቀች። ከዚያ ተቀምጠው መላ ፈለጉ። ምናለ እሑድ በአድማጮች ምርጫ መካከል ሸክላውን ደግሞ ሊያጫውተው፣ «ዘፋኟ ለቤተሰቧ» ሊል አሰበ።

«አይሆንም» አለች ባንቺአየሁ። «ሸክላማ የሞተም ይዘፍንበታል። አሁን መሆኑን በምን ታውቃለች?» መሰንቆውን አየችው። «ባሌን የቀበርሁ ዕለት ዘፈን አልደግምም ብዬ ለነፍስ አባቴ ነግሬ ነበር። ይቆጡኛል። ይቆጡኝ። ውዱ፣ እስኪ ቃኘው።»

በማግሥቱ ምናለ ሁለቱንም ወደ ጣቢያው አስገባቸውና በቴፕ ቀረጻቸው። ዜማው የሸክላው ዜማ ነው፤ ግጥሙ ግን አዲስ ነበር። ባንቺአየሁ ሁለት ጊዜ ሳይሳካላት ቀረና ሦስተኛው ላይ ተቃና። ድምፅዋ ላይኛው ቦታ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ምናለ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጋ እንድትወስደው ቢነግራት «ይሰንጠቅ፤ ባይሆን ዕድሜዬን ትሰማለች» አለችው።

ደመቀ ምናለ ያቀረበለትን ቴፕ ብቻውን አዳመጠና ሁሉንም አስጠራቸው። ባንቺአየሁን ቆሞ ተቀበላት። የግጥሙን መጀመሪያ ደግሞ አስከፈተው፦

ሞታለች ብላችሁ ላለቀሳችሁልኝ፣
እንባችሁን ጥረጉ ድምፄንም ስሙልኝ።

«ይህ ይሁን» አለ። ሁለተኛው መጣ፦

ሁመራ ቀረች ሲል ያ የኔ ጓደኛ፣
መቅረትም ሞት ሆኗል በዚህ ዘመን ለኛ።

«ይህ ይወጣል።»

«ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው» አለች ባንቺአየሁ።

«ነው። ለዚያ ነው የሚወጣው።»

ሦስተኛው ተሰማ፦

ፀጉርሽን አሳድጊው ሸጊቴ አትዘኚ፣
መንገዱ እስኪከፈት በርትተሽ ለምኚ።

ደመቀ ቴፑን አስቆመ። «ሸጊቴ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ልጄን በቤት የምጠራት እንደዚያ ነው» አለች።

ደመቀ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ ቆየ።

«የኔ ታናሽ እህት አሥመራ ናት» አለ በመጨረሻ። «ከሚያዝያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።» ከዚያ ድምፁን ወደ ቢሮ ድምፁ መለሰው። «‹መንገዱ እስኪከፈት› አይባልም። መንገዱ ተዘግቷል ያለ ማንም የለም። ‹ክረምቱ እስኪወጣ› በዪው። የግጥሙ ቤት አይሰበርም፣ ቁጠሪው።»

ባንቺአየሁ በከንፈሯ ቆጠረችውና «አይሰበርም» አለች።

እንደገና ቀረጹት። ደመቀ ፈረመበት፤ በዘፋኝ ስም ቦታ ላይ ግን «የአገር ባህል ዘፈን» ብቻ እንዲባል አደረገ። ባንቺአየሁ በዚያው ቀን ወደ ደባርቅ ተመለሰች። ስትሳፈር ለምናለ እጇን ሰጠችው እንጂ አልመረቀችውም። እሱም ይህን ልብ አለው።

ዘፈኑ እሑድ ተሰማ። ምናለ የስቱዲዮውን መስታወት እያየ አንድም ቃል ሳይጨምር አስገባውና አስወጣው። በሚቀጥለው ሳምንት የመጡት የምርጫ ደብዳቤዎች ከወትሮው የበዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከአዘዞ የጦር ሰፈርና በየተራራው ከሰፈሩ ወታደሮች ናቸው። ሁሉም ያን ዘፈን ይፈልጋሉ። ርእሱን ስለማያውቁ «ሞታለች ብላችሁ የሚለውን» እያሉ ነው የጻፉት። አንዱ «ቤተሰቦቼ ተስካሬን አውጥተዋል አሉ፤ ይህን ዘፈን ከእኔ ነው ብላችሁ ልቀቁላቸው» ይላል። ሌላው እሱም እንደዚያው እንደሞተ ተነግሮበት ኖሮ የእናቱን ስምና ሰፈሯን ብቻ ጽፎ ልኳል። ምናለ የቻለውን ያህል ስም አነበበ፣ ዘፈኑንም ለቀቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት እሑዶችም እንዲሁ አደረገ። በከተማው ልጆች ሳይቀሩ በየመንገዱ ያንጎራጉሩት ጀመር።

በነሐሴ አንድ የጦር ክፍል የፖለቲካ ኃላፊ ወደ ጣቢያው ደወለ። ወታደሩን ስለ ሞት እንዲያስብ የሚያደርገው ዘፈን የማን ፈቃድ እንዳለበት ጠየቀ። ዘፈኑ ታገደ። ቴፑ ተወሰደ። ደመቀ በጣቢያው ሠራተኞች ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አደረገ፤ «ንቃት ጎድሎኛል» አለና ተቀመጠ። የምናለን ስም አላነሣም። ያም ሆኖ ምናለ ከእሑድ ዜማ ተነሥቶ ወደ ግብርና ዝግጅት ተዛወረ። በምትኩ የመጣው ሰው ስለ ዘፋኞች አይተርክም፤ የሰልፍ ማርሽ ያበዛል።

ምናለ ግብርናውን አልጠላውም። ከባንቺአየሁ ግን ወሬ አልሰማም፤ ዘፈኑ ዛሪማ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። በኅዳር ዋግ ስለሚባለው የገብስ በሽታ ገበሬዎችን ለማነጋገር ደባርቅ ሲላክ ሥራውን ጨርሶ ቤቷን ጠየቀ። ቤቲቱ ከከተማው ወጣ ብላ ጉብታ ላይ ናት። ሲደርስ ከውስጥ የጭቅጭቅ ድምፅ ይሰማል።

«ቆላ አልወርድም አልሁሽ!» ትላለች ባንቺአየሁ።

«ብቻሽን ልትቀሪ ነው?» ትላለች ሌላይቱ።

እቴነሽ ነበረች። ክረምቱ እንደወጣ ልጇን አዝላ ከጨው ነጋዴዎቹ ጋር በቀጭኑ መንገድ ዳገቱን ወጥታ መጥታለች። ፀጉሯ ጣት የሚይዘው ያህል አድጓል። ባንቺአየሁ እንግዳውን «እሱ ነው» ብላ ስታስተዋውቃት እቴነሽ ቀና ብላ አየችውና ልጇን ማጥባቷን ቀጠለች። ምናለ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት።

«ቁጭ በል» አለችው። ስትናገርም ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ልጇ እያየች ነበር። «ብርቄ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ጎረቤት አለችኝ። እዚያ የእናንተን ሬዲዮ ድምፁን ቀንሰው ነው የሚሰሙት። የመጀመሪያው ዕለት እየሮጠች መጣች። እናትሽ በሬዲዮ እየዘፈነች ነው አለችኝ። ስደርስ አልቋል። ሸክላ ነው አልኋት፤ ዕብድ አደረጋችሁኝ ብዬ ሰደብኋት። በሳምንቱ ‹ነይ፣ ወታደሮቹ አስመርጠውት ነው› ብላ ጎትታ ወሰደችኝ።»

«ያኔ አመንሽ?»

«ፀጉርሽን አሳድጊው ሲል ሰማሁ። እሱም አይደለም። ድምፅዋ ላይ ሲወጣ ተሰነጠቀ። በሸክላው አይሰነጠቅም ነበር።» ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች። «ደስ አለኝ መሰለህ? ተናደድሁ። ያን ሁሉ ቀን በከንቱ አልቅሼ! ብርቄ ናት ደስ ያላት። እሷ ስታለቅስ እኔ ቆሜ አያታለሁ።»

ባንቺአየሁ ጠላ ቀዳችለት። ለሦስት ተቀምጠው ስለ ገብሱ ተነጋገሩ፤ ዋጉ ዘንድሮ የበረታው በደጋው ጫፍ እንደሆነ ነገረችው። ስለ ዘፈኑ ዳግመኛ አልተነሣም። ሊሄድ ሲነሣ እቴነሽ አስቆመችው።

«ብርቄ ልጅ አላት። ማሩ ይባላል፤ አዘዞ ሰፈር ውስጥ ወታደር ነው። እናቱ ደህና መሆኗን አያውቅም። በሬዲዮ ንገርልኝ።»

«ከዚያ ዝግጅት ተነሥቻለሁ።»

«አሁን ታዲያ ምን ትላለህ በሬዲዮ?»

«ስለ ገብስ።»

እቴነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው። «እንግዲያውስ በእግርህ ሂድ» አለችው።

ጎንደር እንደገባ ምናለ በዚያው ሳምንት ወደ አዘዞ ወረደ። በጦር ሰፈሩ በር ላይ ረጅም ጊዜ ካስጠበቁት በኋላ አንድ አሥር አለቃ ወጥቶ አነጋገረው። ማሩን ያውቀዋል፤ በአንድ መኝታ ቤት ነበሩ። የማሩ ጦር ክፍል ግን ባለፈው ወር በደብረ ታቦር በኩል ወደ ግንባር ተዛውሯል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉበትን አያውቅም።

«ምን ልበለው?» አለ አሥር አለቃው።

«እናቱ ብርቄ ደህና ናት። ዛሪማ ሻይ ቤቷ ውስጥ ናት። ሰው በዓይኑ አይቷታል በለው።»

«አንተ ነህ ያየሃት?»

«አይደለሁም» አለ ምናለ። «እቴነሽ የምትባል ጎረቤቷ ናት። ስሟንም ንገረው።»

አሥር አለቃው ስሙን ሁለት ጊዜ በአፉ ደገመው። ካገኘው እንደሚነግረው ተናግሮ ወደ ውስጥ ተመለሰ።